ኮፈኑ ሳይከፈት ዱዓ የተደረገላት መኪና

ስደቱን የሚያወራ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ባለቤቴ ዘሃራ መስኮቱ ሥር ቆማ ጠበቀች። ሚኒባሱ ደግሞ ቶሎ አልሞላም። መጀመሪያ ተላቅሰን ተሰነባበትን። ሦስት ሰው ይቀራል ተብሎ ስንቆይ የምናወራው ጠፋንና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ረዳቱ "ሞልቷል፣ እንሂድ" ሲል እንደገና ለማልቀስ ሁለታችንም አፈርን። የሁለት ዓመቷ ልጃችን ሐያት እኔን ትታ የሚያልፉትን ባጃጆች ታይ ነበር።

ጋዜጠኛ ነበርኩ። በለውጡ ሰሞን መቅረጫ ይዤ ከስብሰባ ስብሰባ ስዞር፣ ሥራዬ እስከ ጡረታ የሚያደርሰኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ቤተሰቤን ይዤ ሸሸሁ። ስንመለስ ቤታችን ቆሞ አገኘነው። የምሠራበት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ግን ከጠረጴዛው እስከ ሽቦው ተወስዶ ባዶ ሆኖ ነበር። አንድ ዓመት ሥራ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሻርጃ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ቪዛ ላከልኝ፤ ወጣሁ።

ሻርጃን ለማታውቁ፦ የዱባይ ጎረቤት ከተማ ናት፤ ሙቀቱ ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከአስፋልቱም ይነሳል። እኛ አገር ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ማንም ቁም ነገር ብሎ አያወራውም፤ እኔም አውርቼው አላውቅም። ዓሣ ሞልቷል፤ ግን በረዶ ላይ ተደርድሮ ነው የሚሸጠው፣ እንደኛ ቆሮሶ እየተንፈራገጠ አይመጣም። ሰላምታውም አጭር ነው። እኛ ከብቱ፣ ቤቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ ደህና መሆኑን ጠይቀን ስንጨርስ፣ እዚህ ሰውየው ጉዳዩን ፈጽሞ ሄዷል።

የምኖረው ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ነው። አልጋውን ያከራየኝን ሰውዬ በሁለተኛው ቀን፣

"መስኮት አለው ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

"አለው። ከአራተኛው አልጋ ጀርባ።"

"እኔ የያዝኩት ሁለተኛውን ነው።"

"ታዲያ መቼ የመስኮት አስከፈልኩህ?"

"ባለቤቴና ልጄ ቢመጡስ?"

ትንሽ አሰበና "ልጅቷ ቀጭን ናት?" አለኝ።

ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስቆጥር ኖርኩ። ቤተሰብ ለማምጣት ሕጉ የሚጠይቀው ደሞዝ አለ፤ የእኔ አይደርስም። በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ አንድ የሳሙናና የሽቶ አከፋፋይ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ትዕዛዝ የሚቀበል ሰው ፈለገ። ደሞዙ ይደርሳል። መንጃ ፈቃድ በሦስተኛ ሙከራዬ አውጥቻለሁ። የቀረችው አንዲት ነገር ናት፤ ሠራተኛው የራሱ መኪና ሊኖረው ይገባል። አሥር ቀን ሰጡኝ። እጄ ላይ አሥራ አራት ሺህ ድርሃም ነበር። ዘጠኙን ለመኪና፣ አምስቱን ለዘሃራና ለሐያት ቪዛና ቲኬት ብዬ ለሁለት ከፈልኩት።

ሰይድን ያገኘሁት በዚህ መሃል ነው። የውጫሌ ልጅ ነው፤ አምባሰል። ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት መኪናውን ይሸጣል። ያገናኙን ሐጂ ሙሄ ናቸው። እዚህ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ የወሎ ልጅ ሲጣላም ሲያገባም የሚጠሩ ሽማግሌ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ እሳቸው ቤት ምሳ በላን። ሰይድ አሥር ሺህ አለ። እኔ ስምንት አልኩ። ሐጂ ሙሄ እጃችንን አያያዙና "ዘጠኝ ይሁን፤ አላህ ለአንተ መንገድህን፣ ለእሱ መግቢያውን ያሳምርላችሁ" ብለው ዱዓ አደረጉ። አሚን አልን። ሻይ ቀረበ፤ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ኮፈኑን ገና አልከፈትኩም ነበር።

ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። እኔ እኮ አንድ ድልድይ ፈረሰ ሲባል ሁለት ሰው ሳልጠይቅ፣ ቦታው ድረስ ሄጄ ሳላይ ዜና ሠርቼ አላውቅም። ግን እስቲ የአገራችሁ ልጅ ከፊታችሁ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው እጃችሁን ይዘው፣ "ቆይ መጀመሪያ ሞተሩን ልይ" በሉ። ሌባ ማለት ነው የሚመስለው። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከዋጋ መመለስ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ የወሎ ሰው ያውቀዋል።

በማግስቱ ግን ልማዴ አሸነፈኝና መኪናዋን ይዤ ወደ መመርመሪያ ጋራዥ ሄድኩ። እዚህ "ፋህስ" ይሉታል። ፓኪስታናዊው መካኒክ ሥሯ ገብቶ ወጣ፣ ነዳት፣ ተመለሰ።

"ቀለሟ ጥሩ ነው" አለ።

"ከቀለሙ ሌላስ?"

"ወዳጄ፣ ከቀለሙ ነው የጀመርኩልህ ደስ እንዲልህ።"

ወረቀቱን ሰጠኝ። ካምቢዮው ሲሞቅ ይንሸራተታል፤ አድሶ፣ የስድስት ወር ዋስትና ሰጥቶ ለመግጠም አራት ሺህ። የፊት አሞርዛተሮቹ አልቀዋል፤ አንድ ሺህ። ሞተሩ ዘይት ያንጠባጥባል፤ አምስት መቶ። ማቀዝቀዣው አይሠራም፤ አንድ ሺህ። ድምሩ ስድስት ሺህ አምስት መቶ።

በግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጬ ወረቀቱን እንደ ዜና ረቂቅ አየሁት፤ የሚቆረጠውን ፈለግሁ። ዘይቱ ትንሽ ነው፤ በየሳምንቱ እየለካሁ ብጨምርለት ይቆያል። ማቀዝቀዣው የእኔ ላብ እንጂ የመኪናዋ ጉዳይ አይደለም፤ ይቅር። አሞርዛተር ግን ከፍሬን ጋር የሚሄድ ነገር ነው፣ አይቀርም። ካምቢዮው ላይ ብዙ ቆየሁ። ከፈረሰ መኪና የተነቀለ በሁለት ሺህ ይገኛል፤ ዋስትና የለውም። ሥራ በጀመርኩ በወሩ መንገድ ላይ ቢያቆመኝ ሥራውም ይሄዳል፣ ሥራው ከሄደ ቪዛውም የለም። ሌላ መኪና ልፈልግ ብል በዚህ ዋጋ የሚሸጠው ሁሉ የራሱ ወረቀት አለው፤ የዚህችኛዋ ቢያንስ ታውቋል። እንዲህም እንዲያም ብደምረው አምስት ሺህ ላይ ይቆማል። አምስቱ ሺህ ደግሞ የማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ሐጂ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ሰይድንም ጠሩት። አንብቤላቸው ስጨርስ ወደ እሱ ዞርኩ።

"ሰይዶ፣ ካምቢዮዋን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?"

"አልጠየቅኸኝማ። ወላሂ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ጋዜጠኛ ነው ሲሉኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚጠይቀኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። አንተ ሩዙን በላህና አሚን አልክ።"

ሐጂ ሙሄ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ከዚያ ሳቁን ተዉት።

"ሰይድ፣ እናትህን ለማየት ነው የምትገባው?"

"አዎ ሐጂ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሳታየኝ እንዳይቀር ብዬ።"

"እሱም ልጁን ሊያይ ነው።" የሙስበሃቸውን ዶቃ ትንሽ ገፋ ገፋ አደረጉት። "እኔ ዱዓ ያደረግሁት በዘጠኝ ሺህ ነው፤ ዋጋው አይነካም። ስለ ካምቢዮው ግን ማንም ስላልነገረኝ ዱዓ አላደረግሁም። እሱን ዛሬ እንነጋገርበት።"

ሰይድ መሬት መሬት አየ። ለቲኬቱና ለእናቱ ስጦታ የሚያስፈልገውን አስልቶ ከተረፈው አንድ ሺህ አምስት መቶ መለሰልኝ። ልጨቃጨቅ እችል ነበር፤ ሐጂም ይደግፉኝ ይሆናል። ግን ሲቆጥረው እጁን አየሁት፤ የአሥር ድርሃም ኖቶች ነበሩበት። "አብሽር፣ ይበቃል" አልኩት። ሐጂ ሙሄ ሁለተኛ ዱዓ አደረጉ። በዚህኛው ላይ አሚን ከማለቴ በፊት "ሌላ ያልጠየቅሁህ ነገር አለ?" አልኩት።

"የኋላ በሯ ከውስጥ አትከፈትም" አለ።

መኪናዋ ካምቢዮዋ ታድሶ ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆናት። ሥራውን ጀምሬያለሁ። መስኮት ከፍቼ ነው የምነዳው፤ ሱቅ ከመግባቴ በፊት ሸሚዝ እቀይራለሁ። ለቪዛና ለቲኬት ብዬ ካስቀመጥኩት አንድ ሺህ አምስት መቶ ቀርቶኛል። የመጀመሪያው ደሞዝ ገና ነው፤ ከእሱም የቤት ቀብድ ይወጣል፤ ቤተሰብ የሚመጣው ስድስት አልጋ ወዳለበት ክፍል አይደለምና።

ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ለዘሃራ ደወልኩላት። ገበያ ውስጥ ነበረች፤ የሐይቅ ሰኞ ገበያ ጫጫታው በስልኩ ሞልቶ መጣ።

"እንድሬ፣ መኪና ገዛህ አሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ደረስን በለኛ።" የልጅ ድምፅ ሰማሁ፤ ሐያት "አባ ነው?" ትላለች። ዘሃራ "ቆይ አንቺ" አለቻትና ወደ እኔ ተመለሰች። "የጎረቤታችን ልጅ ከዱባይ መጥታ ምን አለችኝ መሰለህ፤ ውጪው እሳት ነው፣ የገበያው አዳራሽ ግን ብርድ ነው፣ ለልጅ ሹራብ ሳትይዢ እንዳትሄጂ አለችኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ያዢላት።"

"እሱን ልገዛ ነው የቆምኩት። ሁለት አለ። አንዱ ልክክ ይልላታል። ሌላው ሰፋ ይላል፣ እጅጌውም ረጅም ነው። የትኛውን ልውሰድ?"

ነጋዴዋ ከጎኗ "ልጅ ያድጋል እኮ እናቴ" ስትል ይሰማኛል። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ የሚመጡበትን ቀን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። በሐሳቤ ደሞዙን፣ ቀብዱን፣ ቲኬቱን ደማመርኩ።

"ሰፋ ያለውን" አልኳት።

ነጋዴዋን "ሰፊውን አምጪው" ስትላት ሰማሁ። ከዚያ ዘሃራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሐያት እንዳትሰማ መሰለኝ፣

"ምን ያህል የሚሰፋ?" አለችኝ።