ጥቁር አውራ ጣት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ጊዜ፣ መስቀል አልፎ የመርካቶ ጭቃ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ዛሬ የሰው ስም ይጠፋኛል፣ ቁልፌን ያስቀመጥኩበት ይጠፋኛል፤ ይህ ግን አልረሳ አለኝ። ሳስበው እስከ አሁን እጄን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ያኔ ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንድ የቆዳ ነጋዴ ዘንድ ሰፊ ነበርኩ። ጋሼ ተካልኝ ይባላሉ። የምንሰፋው የጉሬዛ ቆዳ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ጎንና ጎኑ ነጭ የሆነው የጫካ ጦጣ። ያ ረጅም ነጭ ጸጉሩ እንዲዘናፈል አድርገን፣ አንዱን ካንዱ እያጋጠምን፣ ዳሩን በቀይ ጨርቅ ቀምቅመን ምንጣፍ እናደርገዋለን። ፈረንጆች ይሻሙበታል። አብረውኝ የሚሰፉት እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ ባላቸው ሞቶ አራት ልጅ የሚያሳድጉ፣ እጃቸውም አፋቸውም የማያርፍ ሴት።

እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ልጅ ሆኜ ቆሎ ስሸጥ የየኔታ አጥር ሥር ቆሜ እየሰማሁ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየሁ አላልፍም። ቆዳ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አቃንቼ አነባለሁ፤ ለሠፈር ሴቶችም ደብዳቤ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከጅማ በኩል ቆዳ የሚያመጣልን ሾፌር ከጥቅሉ ጋር ካርቶን ይዞ ገባ። ሲከፍተው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጭራው ከገላው የሚረዝም ትንሽ ነገር ውስጡ ተኮራምቷል።

«ይሄ ደሞ ምንድነው? ድመት ነው ጦጣ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ለፈረንጅ የምሸጠው ነው፤ እንዳትነኩብኝ።»

«ማን ይነካልሃል! መልኩ እንደሆነ ካንተ አይብስም።»

እየሳቅን ሳለን ዘሎ ወጣ። የሚያመልጥ መስሎን በሩን ዘጋነው። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ጭኔ ላይ በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ወጣ። ካንዱ ቆዳ ወደ አንዱ ሄደ፤ አሸተተ፤ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ አንዱን መርጦ በእጅ በእግሩ ጸጉሩን ጨብጦ ተለጠፈበት። አፉን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ይፈልግ ጀመር። ጡት ነበር የሚፈልገው።

የእትዬ በላይነሽ ሳቅ ተቆረጠ። «እመቤቴ ድረሽ! የጉሬዛ ልጅ ነው እንዴ?»

«ታዲያስ! ሲወለድ ነጭ ነው፤ የሚጠቁረው ኋላ ነው። አታውቁም እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

አናውቅም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ስሰፋው ልጁ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ጋሼ ተካልኝ ከውስጥ «ምን ሆናችሁ? ምንጣፉ ነገ ይፈለጋል!» ብለው ተጣሩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጸጉሩ ላይ አላቀቅኩና ለሾፌሩ ሰጠሁት። ከዚያ ወስፌዬን አነሳሁ። ሰፋሁት። ይህን አልደብቅም፤ ምንጣፉን በሰዓቱ ጨርሼ አስረከብኩ።

ግልገሉ በሦስተኛው ቀን እዚያው ካርቶን ውስጥ ሞተ አሉ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ስሰፋ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። «ቁንጫ አለብሽ?» ይሉኛል እትዬ በላይነሽ። በዚሁ መሀል ነው አንድ ጥቅል ስፈታ በጋዜጣው ላይ ስለ ዱር አራዊት ሕግ ሊወጣ መሆኑን ያነበብኩት። ዝሆን ይላል፣ አንበሳ ይላል፣ ነብር ይላል፤ ከዚያ በታች ወረቀቱ ተቀዷል። የቀረውን ቁራጭ ፍለጋ ጥቅሉን ሁሉ በተንኩ። የለም። ጉሬዛ ይኑርበት አይኑርበት ሳላውቅ ቀረሁ። ያ ቅዳጅ አላስቀምጥ አለኝ።

መጨረሻ ላይ ማመልከቻ ጻፍኩ። እንዲህ የሚል ነበር፦ «እኛ የጉሬዛ ቆዳ የምንሰፋ ሴቶች ነን። ድሮ የሚመጣልን ትልልቁ ነበር፤ አሁን ትንንሹ በዝቷል። እንዲህ ከቀጠለ ማለቁ ነው። ስለዚህ ጉሬዛም በሕግ ይጠበቅልን።» ለእትዬ በላይነሽ ሳነብላቸው «እሱስ ይጠበቅ፤ የእኔ ልጆች ምን ይብሉ? ይህንንም ጻፊ እንጂ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ለእኛም ሌላ የምንሰፋው ሥራ ይገኝልን» ብዬ ጨመርኩበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በዙሪያችን ካሉ ሱቆች የሚሰፉ ሴቶች ቤቴ መጡ። እኔን ጨምሮ አሥራ ሁለት ነበርን። ቃሉን ሁሉም ወደዱት፤ ቀድሞ የሚፈርም ግን ጠፋ። በዚያ ዘመን የመጀመሪያው ስም መጀመሪያ ይታሰራል ይባል ነበር። እኔም ፈራሁ። ስለዚህ የቆርቆሮ ሳህን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ክብ አሰመርኩ፤ ማን ፊት ማን ኋላ እንደሆነ እንዳይታወቅ በክቡ ዙሪያ ጣታቸውን አሳረፉ። የማኅተም ቀለም አልነበረንም። የደበዘዘ ቆዳ የምናጠቁርበትን ቀለም ከሱቅ ጥቂት በጠርሙስ አምጥቼ ነበር፤ ሁሌ በእንጨት ጫፍ እንጂ በእጃችን አንነካውም። አሥራ አንዱም አውራ ጣታቸውን እሱ ውስጥ ነከሩ። እኔ መጻፍ ስለምችል በብዕር ፈረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ የዱር አራዊት ጉዳይ ወደሚታይበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቱን እንደ ምጣድ እያዞረ አየው።

«አመልካቹ ማነው?»

«ሁላችንም ነን፣ ጌታዬ።»

«ሁላችንም የሚባል ሰው የለም። ራስ የሌለው ማመልከቻ አልቀበልም» ብሎ መለሰልኝ።

ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ ተናድጄ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ከሩቅ ሰው ተሰብስቧል። ጋሼ ተካልኝ በር ላይ ቆመዋል፤ የጎረቤት ነጋዴዎችም አሉ። ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል።

ወዲያው ገባኝ። ቀለሙ አልለቀቀም ነበር። በሳሙና ቢሉት፣ በአመድ ቢሉት፣ በሎሚ ቢሉት እምቢ ብሏል። ቀለሙ ቆዳ ይዞ እንዲቀር የተሠራ ነው፤ የእኛም ቆዳ ቆዳ መሆኑን ማን አሰበው? መርካቶ ደግሞ ጥቁር አውራ ጣት ያየ ሰው አይጠይቅም፤ ፈርማለች ማለት ነው።

«እንደው ምን አደረግኳቸው?» አሉኝ ጋሼ ተካልኝ ሲያዩኝ። «ከሰሱኝ! በእንጀራዬ የሚያድሩ ሴቶች ዶልተው ከሰሱኝ!» ከዚያ እጄን ይዘው ገለበጡት። አውራ ጣቴ ንጹሕ ነው። ለነጋዴዎቹ አሳዩት። «አየሽ፣ አንቺ እንኳ አልገባሽበትም። ታውቂያለሽ ግን። ይህን ያመጣችው የቷ ናት?»

ማንም ወደ እኔ አላየም። አንዲቷም እንኳ። እትዬ በላይነሽ መሬት መሬት እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«እንግዲያው አንጋፋዋ ናት» አሉ ጋሼ። «በላይነሽ፣ ወስፌሽን አስቀምጪና ውጪ!»

እትዬ በላይነሽ፣ ያ አፍ፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወስፌያቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው መደቡ ላይ አስቀመጡ።

የቀለሙ ጣሳ እዚያው አጠገቤ ነበር። አውራ ጣቴን እስከ መገጣጠሚያው ነከርኩት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የጻፍኩትም ያስፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጋሼ ተካልኝ እስከ መጨረሻው አዳመጡና በሳቅ ፈነዱ። «ለጉሬዛ? አሥራ ሁለት ሴት ለጉሬዛ? እኔን የከሰሳችሁ መስሎኝ ልቤ ሊቆም!» ነጋዴዎቹም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ሲጠፋ አየሁት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቆዳዎች አዩ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ይሄማ ከክስም ይብሳል።»

ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺ ሂጂ፣ ልጄ። ሌሎቹ ይስፉ» አሉኝ።

በማግስቱ እዚያው ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። በክቡ መሀል ሙሉ ስሜን ጽፌ፣ ከሥሩ ጥቁር አውራ ጣቴን አትሜበት ነበር። አየኝና «መጻፍ ትችይ የለ፤ ጣቱ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ከሴቶቹ ጋር እንድሆን ነው» አልኩት። መዝገብ ቁጥር ሰጥቶ ተቀበለኝ።

እኔ መሳለሚያ ሠፈር ፍራሽ ሰፊ ሆኜ ኑሮዬን ቀጠልኩ። ወረቀቴን ማን እንዳነበበው፣ ይነበብም አይነበብም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከጊዜ በኋላ ግን በዚያ መንገድ ሳልፍ የጉሬዛው ምንጣፍ ከሱቁ ደጅ ተነሥቶ ጓዳ ገብቷል። ሻጩ ግራ ቀኝ አይቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ጉሬዛም የገባበት ሕግ መውጣቱን የነገረኝ እሱ ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰው ሳወራለት «ጀግና ነሽ» ይለኛል። እኔ ግን ጀግኖቹ ሳያዩኝ የቆሙት አሥራ አንዱ ናቸው እላለሁ። እኔን ዛሬም ከተቀመጥኩበት የሚያስነሣኝ ሌላ ነው። ቀለሙ ከጣቴ ወር ያህል ቆይቶ ለቀቀ። ያ ግልገል የተለጠፈበት ምንጣፍ ግን ዛሬም በሆነ አገር፣ በሆነ ፈረንጅ ቤት ወለል ላይ ሳይላላ እንዳለ አውቃለሁ። ስፌቴ ጠንካራ ነበር።