በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤት

ቀንቼ ነው ያደረግሁት። ሌላ ሰበብ ልደረድር አልፈልግም።

በደርግ ጊዜ የመብራት መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም እያዛጋሁ። ግን ከብስራተ ገብርኤል እስከ መካኒሳ አቦ የቱ ፖል እንደበሰበሰ፣ የቱ ሽቦ በነፋስ እንደሚላተም አውቅ ነበር። የአንድ ሰፈር መብራት ጠፋ ሲባል አለቃችን "እሱን ጥሩልኝ" ይል ነበር። እሱ እኔ ነኝ። ያቺን ቃል ስሰማ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ልጅ መጣ። ውጭ አገር ኢኮኖሚክስ ተምሮ የተመለሰ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሰፈሮቹ ክብ ክብ፣ መስመሮቹ በእርሳስ፣ በየክቡ ውስጥ ቁጥር። ሞዴል ነው አለን።

"እስቲ አስረዳን" አለው አለቃው።

"ጓዶች፣ ያለን አንድ ትራንስፎርመር ነው። የት ብንተክለው ነው ብዙ ሰው የሚጠቀመው? የትኛው ሰፈር ምን ያህል ይፈልጋል፣ መስመሩስ ምን ያህል ይችላል? ሞዴሉ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ አስልቶ ይነግረናል።"

"ፖል ላይስ ይወጣል?" አልኩ።

ጓደኞቼ ሳቁ። አለቃው አልሳቀም። ወረቀቱን እያየ ነበር፤ ድሮ እኔን ያይበት በነበረው ዓይን። ከዚያ ቀን ጀምሮ "እሱን ጥሩልኝ" ቀረ። "ሞዴሉ ምን ይላል?" ሆነ ነገሩ። ምሳ አልበላልህ አለኝ።

የምኖረው መካኒሳ አቦ ነው። ባለቤቴ የሰው ልብስ ትተኩሳለች። የኤሌክትሪክ ካውያ ገዝቼላት ነበር፤ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲያበራ መብራቱ ቀልቶ ፍም ይመስላል፣ ካውያውም አይግልም። ስለዚህ ወደ ከሰል ካውያዋ ተመለሰች። ያ ትራንስፎርመር ለእኛ ቢመጣ ተገላገለች ማለት ነው።

አንድ ቀን ልጁ መስመር ላይ ተከትሎኝ መጣ። እኔ ፖል ላይ ነኝ፣ እሱ ከታች ደብተር ይዟል።

"ጋሼ፣ መካኒሳ ላይ የተመዘገበው ቆጣሪ ጥቂት ነው። በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤት ይጠቀማል? እርስዎ ያውቁታል።"

አውቃለሁ። በእኛ ሰፈር አንዱ ቆጣሪ ያስገባና ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ ሽቦ ይስባል። የእኔም ቤት የሚበራው ከጎረቤት በተሳበ ሽቦ ነው። ደንቡ አይፈቅድም፤ እውነቱን ያስደበቀኝ ግን ደንቡ አይደለም። ሒሳቡ ተበላሽቶ ልጁ አለቃው ፊት ሲያፍር ማየት ፈለግሁ። ያኔ ወደ እኔ ይመለሳሉ አልኩ።

"አንድ ነዋ! ስንት ሊሆን ኖሯል?"

ጻፈው። አመሰገነኝም።

ሞዴሉ ለብስራተ ገብርኤል ፈረደ። የሚያፍር ሰው ግን አልተገኘም። እዚያ ያለው ሰው መብራቱ ደምቆለት አጨበጨበ፣ አለቃው የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ትራንስፎርመሩን ፖል ላይ የሰቀልኩት እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ።

ከወር በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ልጁ ደብተሩን ይዞ ግቢያችን ገባ። ሰፈሩን በእግሩ ሲዞር ውሎ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ቀና ብሎ በአጥሩ ላይ ያለፉትን ሽቦዎች አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ባለቤቴ ከካውያው ፍንጣሪ ወጥቶ የሰው ነጭ ሸሚዝ በስቶባት ተናዳለች።

"አንተ ልጅ፣ ከመብራት ኃይል ነህ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ያንን ትራንስፎርመር ከእኛ የነጠቀውን ታውቀዋለህ? አምጣልኝና እጁን በዚህ ልተኩስለት!"

ልጁ አንድ ቃል ቢናገር አለቀልኝ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አላት። "ሒሳቡን ስሠራ ተሳስቼ ነው።"

ደነገጠችና ካውያውን አስቀመጠች። "ውይ፣ የእኔ ልጅ፣ እንዲያው ተናድጄ ነው" ብላ ወንበር አቀረበችለት። ለእኔ እንዲህ አቅርባልኝ አታውቅም።

በእውቀቱ መቅናቴ ሳያንስ በጨዋነቱም ቀናሁ። ይሄኛው ይብሳል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"ጻፍ" አልኩት። "በዚህ ቆጣሪ አሥራ አንድ ቤት። የእኔን ጨምሮ ነው።"

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ጻፈ። ከዚያ ሰፈሩን አብረን ዞርን፣ እኔ እየነገርኩ እሱ እየጻፈ፣ እስኪመሽ ድረስ። ቆጣሪ ሁሉ እንደዚያው ነበር።

የመካኒሳ ትራንስፎርመር በሚቀጥለው ዓመት መጣ። ባለቤቴ ያንን ዓመት በከሰል ካውያ ገፋችው። አለቃው ሒሳቡን አረመ ብሎ አሁንም ያመሰገነው ልጁን ነው። የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ባለቤቴ አሁንም "ያ ልጅ ተሳስቶ፣ ግን ምን ያለ ጨዋ ነው" ትላለች። እውነቱን ግን አልነገርኳትም።