መምህሬ ከሦስተኛው አልጋ ሲነሱ

ሰው ሁሉ «ጉንፋን ነው» እያለ ሲንቀው የከረመው ወረርሽኝ አሶሳ ሲገባ እኔ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበርኩ። ያለን አራት አልጋ ነው። አምስተኛ እንዲጨመርልን ጠይቀን አልጋው መጣ፤ ኦክስጅኑ ግን ለአራቱም የሚዳረሰው በጭንቅ ስለነበር፣ አምስተኛው አልጋ ኮሪደር ላይ ቆሞ የጓንት ካርቶን መደርደሪያ ሆነ።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስተኛው አልጋ ላይ ያስተኛናቸው ሰው ባደግኩበት በሆሞሻ ወረዳ አማርኛ ያስተማሩኝ መምህሬ ነበሩ። ከጎጃም ለሁለት ዓመት ተመድበው መጥተው ጡረታ እስኪወጡ እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ቤታችን የሚነገረው በርታኛ ስለነበር፣ ልጅ ሳለሁ በአማርኛ ወንዱን ከሴቷ መለየት ያቅተኝ ነበር። «እናቴ ገበያ ሄደ» ብዬ ክፍሉን ሁሉ አስቄያለሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እናቴ በትክክል እስክትሄድ ድረስ ሰሌዳው ፊት አቆሙኝ።

ትንፋሻቸው ስላጠረ ዶክተሩ እንዳይናገሩ ከለከላቸው። መምህር ሲከለከል ዝም ይላል ብሎ ማሰቡ የዶክተሩን ወጣትነት ያሳያል። በምልክት ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ስለ ሕመማቸው የጻፉ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ሳነብ፣ በሩ ላይ የለጠፍነው «ፅኑ» በጸሎቱ «ጽ» እንጂ በፀሐዩ «ፅ» እንደማይጻፍ የሚገልጽ ነበር።

ትንፋሽ እንዲያገኙ በሆዳቸው እንዲተኙ ስንነግራቸው ተኮሳተሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ተማሪ ፊት ቀጥ ብለው የቆሙ ሰው፣ የገዛ ተማሪያቸው እያየች መደፋቱ አልተዋጠላቸውም። ቢሆንም ተደፉ። ጣታቸው ላይ የምንሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ባየሁ ቁጥር ደግሞ ስንት እንዳገኙ ይጠይቁኛል። ሰማንያ አራት ስላቸው ደስ አላቸው። ከዘጠና በታች እኛ ዘንድ መውደቅ እንደሆነ ልነግራቸው አልደፈርኩም።

በስድስተኛው ቀን ዘጠና ሦስት ደረሱ። የዚያን ዕለት ቀትር ላይ አምቡላንስ ከባምባሲ አንዲት ሴት አመጣ፤ ከወለደች ወር አልሞላትም፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ባሏ በኦሮምኛ እያባበላት ተከትሎ መጣ። አራቱም አልጋ ተይዟል። ዶክተሩና እኔ አልጋዎቹን አንድ በአንድ አየን፤ መነሳት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሚሄዱበት ክፍል ቀለል ላለ ሕመምተኛ የሚበቃ የሲሊንደር ኦክስጅን አለ፤ በየሰዓቱ የሚያያቸው ሰው ግን የለም። እዚያ ቢብስባቸው የሚመለሱበት አልጋ እንደማይኖር አውቃለሁ። ዶክተሩ «አንቺ ንገሪያቸው» ብሎኝ ወደ ሴትየዋ ሄደ።

«ቲቸር፣ ወደ ሌላ ክፍል ልናዛውርዎት ነው» አልኳቸው። «አልጋው ያስፈልጋል።»

ጭንብሉን ከአፋቸው ከፍ አደረጉ። «የባሰበት መጣ?»

«የባሰባት ናት፤ አራስ ናት።»

ትንሽ አዩኝና «አሁን አማርኛ ቻልሽ» አሉ።

ይህን ብለው ቢነሱ መልካም ነበር። በሆስፒታል ፒጃማ በሰው ፊት አላልፍም ብለው ኮት ጠየቁ፤ ቀጥለው ጫማ። ሴትየዋ በር ላይ እያቃሰተች ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኋቸው፤ «ኮቱ ይደርሳል፣ ይቀመጡ» ብዬ ዊልቸሩን አስጠጋሁ። ቁጭ አሉ።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ግቢ ስንቴ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ማምሻውን ሰማንያ ዘጠኝ ወረዱ። ኦክስጅኑን ጨምሬ አጠገባቸው ቆምኩ። ዘጠና አንድ እስኪሞሉ ድረስ ስንት እንዳገኙ አልጠየቁኝም፤ ከፊቴ አንብበውት ይሆናል። በሳምንቱ ግን ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አራሷ ቆየች። አንደኛው አልጋ ላይ የነበሩትን አዛውንት በዚያው ሳምንት አጣናቸው፤ እሷ ግን ቀስ በቀስ ዳነች። የወጣች ቀን ባሏ ሕፃኑን አቅፎ ግቢው በር ላይ ጠበቃት። ጉልበቷ ስላልጸና መጀመሪያ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት፤ ከዚያ ልጇን ተቀበለች። ሕፃኑ ጭንብል ያደረገች ሴት ሲያይ እሪ አለ። ጭንብሉን እንዳታወልቅ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄያት ነበር፤ አወለቀችው። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ግቢው ውስጥ ወደቆመው አምቡላንስ ዞሬ ጎማውን ማየት ጀመርኩ።