ሳቅ ዘግይቶ የሚደርስበት ወንበር

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በሰው አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ያለውን አዳራሽ እሑድ እሑድ ከጓቲማላ ስደተኞች ጋር እንጋራው ነበር። ሰባኪው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ አውቶቡስ ከማሳፈር ስለማያልፍ በአማርኛ እሰብካለሁ። አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ወደ እንግሊዝኛ፣ አንዲት የጓቲማላ አስተማሪ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ወደ ስፓኒሽ ይመልሱታል። መጨረሻው ወንበር ላይ ስፓኒሽም የማይገባት የተራራ አገር እናት አለች። ለእሷ አንድ የአገሯ ሽማግሌ ማያ በሚባለው የተራራው አገር ቋንቋቸው በጆሮዋ ይነግራታል።

እንዲህ መስበክ ያናድዳል። ቀልድ ስናገር መጀመሪያ የእኛ ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔ ሌላ ቁም ነገር ስጀምር ስፓኒሾቹ ይከተላሉ። ሴት ልጇን መኪና ከገጫት ወዲህ ግን እዚያች እናት ወንበር ላይ ሳቅ ደርሶ አያውቅም። ልጅቷ ሆስፒታል ራሷን ሳታውቅ ተኝታለች። ሁሉም በየቋንቋው በአንድ ጊዜ ሲጸልይላት ፀጉሬ ይቆማል፤ እግዚአብሔር አስተርጓሚ አያሻውም። እኛ ግን ስንሰነባበት የእናትየዋን ፊት ለማየት እንፈራ ነበር።

አንድ እሑድ ከሆስፒታል በቀጥታ መጣች። ሳትቀመጥ በቋንቋዋ ተናገረች። ሽማግሌው ሰምቶ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እንደ ምንም ለጓቲማላዎቹ በስፓኒሽ ነገራቸው፤ እነሱም እየጮኹ ተቃቀፉ። አስተማሪዋ እንባ አንቋት መተርጎም አቃታት። ሁልጊዜ ነገር ከእኔ ይነሣ ነበር፤ ዛሬ እኔ ጋ በመጨረሻ ሊደርስ ነው። ለቅሶ አይቶ ዝም የሚል ሐበሻ ደግሞ የት አለ?

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

«ቆይ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ባለቤቴ ኮቴን ጎተተች።

አስተማሪዋ በስንት መከራ ለታክሲ ነጂው ነገረችው። እሱም ወደ እኔ ዞሮ ጮኸ፤ «ፓስተር፣ ኧረ ይረጋጉ! ልጅቷ ነቅታለች! ሾርባ ኦርደር አድርጋለች!»

የቀረበኝን ወንበር ያዝኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የምሥራች ነጋሪ ነኝ ስል ኖሬ፣ የምሥራች የደረሰው ሰው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያን ቀን አወቅሁ።

ታክሲ ነጂው ሥራውን የማይረሳ ሰው ነውና «ፓስተሩ ሞታለች ብለው ነው» ሲል የእኔንም ለቅሶ ተረጎመው። የእኛዎቹ ሳቁ። ቀጥሎ ስፓኒሾቹ ሳቁ። ሽማግሌው ወደ እናትየዋ ጆሮ ጎንበስ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል ቆሜ ጠበቅሁ።

አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።