የማሾ ነጋዴ መንጋጋ

ሸዋሮቢት ገበያ ማሾ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ጥርሱን አምኖ ነው የሚመጣው። ፍሬው ሲነከስ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ዝም ብሎ ከተጨፈለቀ እርጥብ ነው፣ መጋዘን ገብቶ ይሻግታል። እኔ በዚህ ሥራ አልታማም። ከቀወትም ከማጀቴም የሚመጡ ገበሬዎች "እትዬ ከነከሱት አለቀ" ይላሉ።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ግን አፌ በግማሽ ተከፍቶ ቀረ። በስንት መከራ ስመልሰው ከጆሮዬ ሥር ቋ አለ። ሳዛጋ ቋ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ንቄው ነው። የጥርስ ሕመም መሰለኝና ሐኪም ዘንድ ሄጄ "ይቺን መንጋጋ ንቀልልኝ ልጄ" አልሁት።

"ጥርስዎ ደህና ነው እናቴ" አለኝ። ተናደድሁ። የሚያመው እኔን፣ የሚያውቀው እሱ!

ጣቱን ከጆሮዬ ፊት ለፊት አሳርፎ "ይክፈቱ፣ ይዝጉ" አለኝ። ችግሩ የመንጋጋው መገጣጠሚያ ላይ ነው አለኝ። በአጥንቶቹ መካከል ያለችው ትንሽ ትራስ ከቦታዋ ተንሸራታ ስትመለስ ነው ቋ የሚለው። "ተኝተው ጥርስዎን ያፋጫሉ?" ሲለኝ "በጭራሽ" አልሁ።

አብሮኝ የመጣው ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ "ኧረ ሌሊቱን ሙሉ ማሾ ስትፈጭ ነው የምታድረው" አለ። አፈርሁ።

ሐኪሙ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እንዳልታሽ አስጠነቀቀኝ። ለጊዜው ገንፎና ፓፓያ፣ ጉንጭ ላይ ሙቅ ፎጣ፣ ቀስ ያለ የአፍ እንቅስቃሴ፣ ስተኛ የማደርገው የጥርስ ሽፋን አዘዘልኝ። ቀን ላይ ከንፈሬን ብገጥምም ጥርሶቼ እንዳይነካኩ ነገረኝ። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል አለ። ይህን ሁሉ በደስታ ተቀበልሁ። "ማሾ መንከስ ግን ይቅርብዎ" አለኝ። መንከስ ያቆመች ነጋዴን ማን ያምናታል?

በሚቀጥለው ገበያ አንድ ገበሬ ጆንያውን ፈትቶ እንደ ልማዱ ፍሬ ዘረጋልኝ። እጁን መለስሁበት።

"አንተው ንከሰው፣ እኔ እሰማለሁ።"

ነከሰው። ምንም አልተሰማም። ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልሁም። ጆንያውን መልሶ አሰረና "ፀሐይ ይቀረዋል እትዬ" አለኝ።

ከኋላው የነበረው ገበሬ ፍሬውን በጥርሱ ይዞ "ልንከሰው?" በሚል ዓይን እየጠበቀኝ ነበር።