ለመጸዳጃውም ለብርጭቆውም

የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም በረኪና ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ስታጸዳ ኖራለች። ሐኪሞቹን እንኳ ጫማቸውን በር ላይ መቀየራቸውን አጎንብሳ ሳታይ አታስገባቸውም። «ዛሬም ልትፈትሺኝ ነው?» ሲሏት «ዛሬም እግር አለዎት እኮ!» ትላለች።

ሆስፒታሉ የጽዳት ሥራውን ለድርጅት ሰጥቶ ነባሮቹን ሲያሰናብት፣ ውጭ አገር ሆቴል የምትሠራው የአክስቷ ልጅ ደወለችላት። «እትዬ፣ ነይ እንጂ! እዚህ እኮ መሬት ላይ የወደቀ አንስተሽ ብትበዪ ምንም አትሆኚም።» በረኪና በዚህች ቃል ተሸንፋ ለሁለት ዓመት ፈረመች።

ቀፈፍ ያላት ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ጫማውንም ካልሲውንም አውልቆ እግሩን የፊተኛው ወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀለ። በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና ወደ መጸዳጃው ብትሄድ ወለሉ ርሷል። ውሃ ነው ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ አልሆነላትም። ተመልሳ ተቀመጠችና እስኪያርፉ ድረስ ሽንቷን ይዛ ቆየች።

የአክስቷ ልጅ ስማ ስማ አልጠግብ ብላ ወደ ሠራተኞች ማደሪያ ወሰደቻት። ሕንፃው ከውጭ መስታወት በመስታወት ነው። የክፍሉ በር ሲከፈት ግን የታፈነ አየር ፊቷን መታት፤ የረጠበ ካልሲ፣ ያረረ ዘይትና ርካሽ ሽቶ አንድ ላይ። አራት አልጋ ተደርድሯል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ባለቤት ያጣ ድስት አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ገላ መታጠቢያው ቀዳዳ ላይ የስንት ሰው ጸጉር ተድበልብሎ እንደ ሞተ አይጥ ተጋድሟል።

«ከመሬት የሚበላበት አገር ይሄ ነው?»

«ሁሉም ደክሞት ነው የሚገባው፣ ማን ያጸዳል? ትለምጂዋለሽ እትዬ።»

«ይሄን የለመድኩ ቀንማ አልቆልኛል!»

ሻንጣዋን ሳትከፍት እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። ጸጉሩን በላስቲክ በጠቀለለችው እጇ ስባ አወጣች። ያን ቀን የበላችው አንድ ሙዝ ነው፤ እሱንም ከነልጣጩ አጥባ።

በማግስቱ ሆቴሉ ውስጥ ተቆጣጣሪዋ ሥራውን አሳየቻት፤ የአክስቷ ልጅ ታስተረጉማለች። ተቆጣጣሪዋ እንግዳ የለቀቀው ክፍል ገብታ ወለል ላይ የተጣለ ፎጣ አነሳች። በፎጣው የመጸዳጃውን መቀመጫ ዙሪያውን ጠረገች። ከዚያ በዚያው ፎጣ፣ ቅንጣት ሳታመነታ፣ የመጠጫ ብርጭቆዎቹን ውስጣቸውን እያሽከረከረች ወለወለች። ወደ ብርሃኑ አንስታ አየቻቸው፤ ያብረቀርቃሉ። የወረቀት ክዳን ደፋችባቸው።

«ክዳኑ ላይ ምን ይላል?» አለች በረኪና።

«‹ለጤናዎ ታጥቦ የተዘጋጀ›።»

በረኪና የአክስቷን ልጅ ክንድ ያዘች። «በዚህ ሰው ይጠጣበታል በያት!»

«ዝም በይ በናትሽ! ለአንድ ክፍል ሃያ ደቂቃ ነው ያለን። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«አንቺም?»

የአክስቷ ልጅ መጋረጃውን ለማስተካከል ዞረች።

በረኪና ግን በየክፍሉ ውሃ እያፈላች ብርጭቆዎቹን በሳሙና ታጥብ ጀመር። ሌሎቹ አሥራ አራት ክፍል ሲጨርሱ እሷ አምስት ላይ ናት። በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪዋ እየጮኸች መጣች። ፎጣ ነጠቀቻትና የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት እንዳለ ደገመችው፤ መጸዳጃውን፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን። በረኪና እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ብርጭቆውን ተቀበለች፣ ከቧንቧው ውሃ ሞላችበትና በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«ጠጪ።»

ማስተርጎም አላስፈለገም። ተቆጣጣሪዋ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ብርጭቆውን ሳትነካ ወጥታ ሄደች።

ቅጣቱ ወዲያው መጣ፤ በረኪና ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ተመደበች። ደም፣ ትውኪያና ምኑ እንደሆነ የማይታወቅ ነገር የነካው አንሶላ በጋሪ እየተጫነ ይመጣላታል። ያቅለሸልሻታል፣ ግን ትሠራለች። እዚህ ቆሻሻው ቆሻሻ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ማሽኑም በፈላ ውሃ ነው የሚያጥበው።

የአክስቷ ልጅ «ከእንጀራዬ ልታስነሺኝ ነው!» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት። አንድ ቀን ከሰዓት አንሶላ ታቅፋ ወርዳ ክምሩ አጠገብ ቆመች።

«እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በሰው ብርጭቆ ጠጥቼ አላውቅም፤ ሻይ ቢጋብዙኝም ጨጓራዬን አሞኛል እላለሁ» አለች።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራሽኝ? ያንን ሁሉ ውሸትስ?»

«ብቻዬን አስጠላኝ፣ እትዬ።»

በረኪና ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለሰችው። አንሶላውን ተቀብላ ማሽኑ ውስጥ ከተተች።

ከሁለት ወር በኋላ የአክስቷ ልጅ ሆቴሉን ለቃ ዳቦ ቤት ተቀጠረች። ተያይዘው ከማደሪያው ወጡና የራሳቸው መታጠቢያ ያላት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። በረኪና ሁለት ዓመቷን ምድር ቤት ጨረሰች። ፎቅ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እስከሄደችበት ቀን ድረስ በዚያው ፎጣ ይወለወሉ ነበር።