ከዊንጌት ያላመጣሁት የመንደር ስም

ቅዳሜ ጠዋት በዝናብ ከሽሮ ሜዳ የተነሳሁት ለአንድ የቦታ ስም ብዬ ነው። ጎረቤቴ ዳና ዕድሜውን ሙሉ ሸማ ሲሠራ ኖሮ አሁን አልጋ ይዟል። አባቱ ከጋሞ ደጋ በእግሩ መጥቶ እዚሁ ጉድጓድ ቆፍሮ የሸማ ዕቃውን የተከለ ሰው ነበር፤ ዳና ስለ አገሩ ሳይጠይቀው ሞተበት። አባትየው የተነሳበትን መንደር ስም መዝግቦ ያስቀረው አንድ የሰፈራችን ሰው ስለ ሸማኔዎች ጽፎ በራሱ ወጪ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ደራሲው ሞቷል፣ መጽሐፉም ከገበያ ጠፍቷል። ዊንጌት አካባቢ ያለ ቤተ መጻሕፍት ግን ኮምፒውተር ውስጥ እንዳስገባው ሰማሁ።

«ልጆቼ ከየት ነን ሲሉኝ ሽሮ ሜዳ እያልኩ ልሙት?» አለኝ ዳና።

«እኔ እያለሁ?»

«እስቲ እናያለን፣ ፕሮፌሰር!»

በቀልድ ቢለውም አልተሳሳተም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ማንበብ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ዲግሪ ያላቸው ማመልከቻቸውን እንዳርምላቸው ቤቴ ይመጣሉ።

መንገድ ላይ

እንጦጦን ጉም ውጦታል። የታክሲው መስኮት አይዘጋም፤ ግራ ትከሻዬ ራሰ።

«አባባ፣ ጠጋ ይበሉ» አለ ረዳቱ።

«ወንበሩ የሦስት ሰው ነው!»

«በዝናብ የአራት ነው፣ አባባ።»

አዲሱ ገበያ ወርጄ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። ዊንጌት ስደርስ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብቼ ፓስታ በዳቦ በላሁ። ፓስታው ቀዝቅዟል፣ ዋጋው ግን ጨምሯል።

ቤተ መጻሕፍቱ

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጽሐፉን ከፈተችልኝ። የረጠበው ገጽ፣ የተቀደደው ጠርዝ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል።

«በይ ስልኬ ላይ ጫኚልኝ» አልኳት።

«አይቻልም፣ ጋሼ። እኛ የገለበጥነው እንዳይጠፋ ብለን ነው። ኮፒ ለመስጠት የደራሲው ወራሾች መፍቀድ አለባቸው።»

«ደራሲው ሞቷል'ኮ!»

«መብቱ አብሮት አይሞትም። ለብዙ ዓመት የልጆቹ ነው።»

«የት አሉ ልጆቹ?»

«እኛም ፈልገን አጣናቸው።»

ስለ ቅጂ መብት ማንም ሳያስተምረኝ ራሴ አንብቤ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይበልጥ የተናደድኩት፤ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ሰውየው እንዲነበብለት ጽፎ፣ አሁን የሚፈቅድ ጠፍቶ መጽሐፉ እዚያ ክፍል ውስጥ ታስሯል።

«እዚህ እስኪበቃዎት ያንብቡ» አለችና ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችልኝ። «የሚፈልጉትን ጥቂት መስመር መጻፍ ይችላሉ።»

ግንባሬን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ። «ልጄ፣ እዚህ የገባ አይወጣም።»

የዳና አባት ያለበትን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። የመንደሩ ስም በጋሞኛ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ለምላሴ እንግዳ የሆነ። ሠራተኛዋ መስኮት መዝጋት እስክትጀምር ድረስ ስሙን ሳነበንብ ቆየሁ።

መልስ ጉዞ

ሰልፉ ረጅም ነበር። ታክሲ ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየች ሴትዮ ፈራ ብላ ሸሸችኝ። ረዳቱ ጆሮዬ ሥር «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» ይላል። ከዚያ ወርጄ የተሳፈርኩበት ደግሞ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» እያለ እስከ ሰፈሬ አደረሰኝ።

ዳናን ትራስ አስደግፈው አስቀምጠውታል። ልጆቹ አልጋውን ከበዋል፤ ታላቂቱ ስልኳን አውጥታ ልትቀዳኝ ተዘጋጅታለች። ጀመርኩ። የአባቱን ሸክም፣ ያደረበትን ዋሻ፣ ጉድጓዱን የቆፈረበትን ጠዋት ደራሲው እንደጻፈው ቃል በቃል ተወጣሁት። ዳና አለቀሰ።

«አባቴ ነው» አለ። «ከየት ነው የተነሳው?»

አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ «ሽሮ ሜዳ» ብቻ ነው።

ዓይኔን ጨፍኜ ገጹን ፈለግሁት። የተቀደደው ጠርዝ ታየኝ፤ ቃሉ ግን የለም። ታላቂቱ ስልኳን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«ጠፋኝ» አልኩ።

«አንተን?» አለ ዳና። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ በሕይወቴ ያነበብኩት ሁሉ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን አንዲት ቃል እንደማያህል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እሁድ ዝግ ነው፤ የሠራተኛዋን ስልክ ቁጥር እንኳ አልተቀበልኩም። ሰኞ ሲከፈት ደጃፉ ላይ እገኛለሁ። እስክሪብቶ ካሁኑ ኪሴ ከትቻለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ዳና ሲያስል ይሰማኛል፤ እያዳመጥኩ ነው።